አስጠኚ ለወንዱ ልጄ ብቻ መቅጠሬ አድልዎ ነው?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያ የምሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። ሴቷ ልጄ በመንግሥት ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል፣ ወንዱ ደግሞ በግል ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ይማራሉ። ገቢዬ ለሁለቱም ስለማይበቃ የሒሳብ አስጠኚ የቀጠርኩት ለወንዱ ነው፤ እርሱ 85 ሲያመጣ እርሷ 68 ነው ያመጣችው። ማታ ማታ እናቷንም የምታግዘው እርሷ ናት። ለእርሷ ወደፊት ሱቁን ላወርሳት አስቤአለሁ። ባለቤቴ ግን «ይህ አድልዎ ነው» ትለኛለች። እኔ ልጆቼን እኩል ነው የምወደው። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ይህን ምን ይሉታል?
አባት፣ ከአራዳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የባለቤትዎ ቃል ያስከፋዎት አድልዎንና ጥላቻን አንድ አድርገው ስለሚያዩ ይመስለኛል። የምጣኔ ሀብት ምሁራንም ሲጀምሩ ከዚህ ብዙ አልራቁም ነበር። ጋሪ ቤከር በ1957 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አድልዎን ያስረዳው፣ ሰው ከአንድ ወገን ለመራቅ ሲል ኪሳራ እንኳ ለመቀበል የሚፈቅድበት ዝንባሌ አድርጎ ነው። በዚህ መለኪያ እርስዎ አይወቀሱም። ይኸው ቤከር ከናይጀል ቶምስ ጋር በ1976 ያቀረበው ሐሳብም በከፊል ይደግፍዎታል፦ ልጆቻቸውን እኩል የሚወዱ ወላጆች የትምህርቱን ወጪ ይበልጥ ፍሬ ወደሚሰጥበት ልጅ ሊያዘነብሉና ሌላውን በሀብት ሊክሱ ይችላሉ። ሱቁን ለሴቷ ላውርስ ማለትዎም ይኸው ነው።

ነገር ግን ስሌቱ የሚሠራው ካሳው በእርግጥ የሚደርሳት፣ መጠኑም ከትምህርቱ ካጣችው ጋር የሚመጣጠን ከሆነ ነው። ሱቁ በኪራይ የተያዘ ከሆነ የሚወረሰው ምን እንደሆነ አስቀድመው ቢመረምሩ መልካም ነው፤ ትናንት የነበረ ሱቅ ዛሬ ላይኖር እንደሚችል የፒያሳን ሰው እኔ ላስረዳው አልችልም።

ከደብዳቤዎ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሁለቱ ቁጥሮች ናቸው። 68 እና 85 በተለያየ ትምህርት ቤት፣ በተለያየ ክፍል፣ በተለያየ መምህር የተሰጡ ስለሆኑ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚመዘኑ አይደሉም፤ የአንዱ ትምህርት ቤት 85 ከሌላው 68 የማይበልጥበት ጊዜ አለ። መምህር ለሚያውቀው ተማሪ የሚሰጠው ነጥብም ሁልጊዜ ንጹሕ ሚዛን አይደለም። ቪክቶር ላቪ በ2008 ባወጣው ጥናት፣ በእስራኤል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መምህሮቻቸው የሰጧቸውን ውጤት አራሚው ማንነታቸውን ከማያውቅበት ፈተና ውጤት ጋር ሲያነጻጽር፣ በመምህሮቻቸው እጅ የተጎዱት ወንዶቹ ሆነው ተገኝተዋል። ይህን የምጠቅሰው ሴቶች በየቦታው ይበደላሉ የሚል ድምዳሜ ይዤ እንዳልመጣሁ እንዲያውቁልኝ ጭምር ነው። ስለዚህ የልጅዎን የ8ኛ ክፍል የሚኒስትሪ ውጤት ከመሳቢያ አውጥተው ይመልከቱ፤ በደብዳቤዎ አለመጠቀሱ ገርሞኛል።

ቁጥሮቹ በትክክል የሚነጻጸሩ ቢሆኑ እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ እነዚህ ውጤቶች ከምን ተነሥተው መጡ? ኤድመንድ ፌልፕስ በ1972፣ ኬኔት አሮው ደግሞ በ1973 ያሳዩት፣ ጥላቻ የሌለበት ሰው እንኳ ስለ አንድ ወገን በያዘው አማካይ ግምት ተመርቶ ሊያዳላ እንደሚችል ነው። አሮው የጨመረበት ነጥብ ለእርስዎ ቤት ይቀርባል፤ ግምቱ ራሱ ውጤቱን ሊወልደው ይችላል። «ወንዱ ሒሳብ ይገባዋል» ተብሎ ለወንዱ አስጠኚ ይቀጠራል፣ ሴቷ በዚያው ሰዓት ሽንኩርት ትከትፋለች፣ በሰኔ ካርድ ሲመጣ ግምቱ ልክ የነበረ ይመስላል። በዚህ ዙር ውስጥ ክፉ ሰው አንድም የለም። የምጣኔ ሀብት ሰዎች አድልዎ የሚሉት ግን ይህንንም ጭምር ስለሆነ፣ ባለቤትዎ በቃሉ አልተሳሳቱም።

ዙሩ የሚሰበር ስለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ከሕንድ አለ። በዚያች አገር ከ1993 ጀምሮ የመንደር ምክር ቤት መሪነት ቦታዎች አንድ ሦስተኛው ለሴቶች ይጠበቅ ነበር፤ የትኛው መንደር በየትኛው ዙር ሴት መሪ እንደሚኖረው ይወሰን የነበረውም በዕጣ መሰል አሠራር ነው። ሎሪ ቢማን፣ ኤስቴር ዱፍሎና ባልደረቦቻቸው በምዕራብ ቤንጋል 495 መንደሮች ያደረጉት ጥናት በ2012 ሲታተም፣ ለሁለት ዙር ሴት በመራችባቸው መንደሮች ወላጆች ለሴትና ለወንድ ልጆቻቸው በሚመኙት መካከል የነበረው ርቀት ጠብቦ፣ የትምህርት ደረጃ ልዩነታቸውም ጠፍቶ፣ ሴቶቹ ልጆች በቤት ውስጥ ሥራ የሚያጠፉት ጊዜም ቀንሶ ተገኝቷል። ለእነዚያ ልጆች ገንዘብ የሰጠ የለም፤ የተለወጠው ዐይናቸው ያየው ነገር ነው።

በቤት ውስጥ ገንዘቡን ማን እንደሚያዝም ልዩነት ያመጣል። ዱፍሎ በ2003 በደቡብ አፍሪካ የአረጋውያን ጡረታ ላይ ባወጣችው ጥናት፣ ጡረታውን የምትቀበለው አያት ሴት ስትሆን አብረዋት የሚኖሩ ልጃገረዶች የሰውነት ክብደት ሲሻሻል፣ ወንድ አያት ሲቀበለው ግን ይህን የመሰለ ለውጥ አልታየም። ስለዚህ የአስጠኚውን ክፍያ በተመለከተ የባለቤትዎን ሐሳብ እንደ ስሜት ብቻ ባይመለከቱት እመክራለሁ።

ተጨማሪ ወጪ ሳያስፈልግዎ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። ለአንድ ሳምንት ሁለቱም ልጆች ከትምህርት ቤት ከተመለሱበት ሰዓት እስከ መኝታ ድረስ የሚሠሩትን በደብተር ይመዝግቡ፤ የልጅዎ የወጥ ቤት ሰዓት ከወንድሟ የሚበልጥ ከሆነ ዕቃ ማጠቡንና ውኃ መቅዳቱን በተራ ያድርጉላቸው። አስጠኚው በሳምንት ሦስት ቀን የሚመጣ ከሆነም ከሦስቱ አንዱን ቀን ከእርሷ ጋር እንዲያሳልፍ ይጠይቁት። የ7ኛ ክፍል ተማሪ በሁለት ቀን አይጎዳም፤ የ9ኛ ክፍሏ ግን ወደ 12ኛ ክፍል ፈተና ለመድረስ የቀራት ሦስት ዓመት ብቻ ነው።