ስለሚንቀጠቀጥ ቪዲዮ ለጠየቃችሁኝ

ስለ ስልክ ካሜራ ስታቢላይዜሽን፣ ማለትም የሚንቀጠቀጥ ቪዲዮን ስለሚያረጋው ዘዴ፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጎጃም ብዙ ደረሰኝ። መልሱ ይኸው።

ከእንጅባራ፦ «ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን ስቀርጽ ስታቢላይዜሽኑን ከከፈትኩ ምስሉ ይጠባል። ስልኩ ተበላሽቶ ነው?»

አልተበላሸም፣ ወንድሜ። ስልኩ ውስጥ ያለው ጋይሮስኮፕ የሚባል መለኪያ እጅህ ወዴት እንደዞረ ይለካል። ሶፍትዌሩ ደግሞ እያንዳንዱን ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራበትን ነጠላ ምስል፣ ወደ ተቃራኒው ያንሸራትታል። ለዚህ ትርፍ ቦታ ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘውም የምስሉን ዳር ቆርጦ ነው። ራቅ ብለህ ቁም። ቀን ስለሆነ ሰፊው ሌንስም ያዋጣሃል።

ከደብረ ማርቆስ፦ «የማታ ሰርግ ስቀርጽ አይንቀጠቀጥም፤ ግን ይደበዝዛል። እስክስታ ሲወርዱማ ፊታቸው አይለይም።»

እህቴ፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጨለማ ሲሆን ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ሹተሩን፣ ማለትም የብርሃን መግቢያውን፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይከፍታል። በዚያች ቅጽበት እጅሽ ከተነቃነቀ ፍሬሙ ደብዝዞ ይቀራል። ሶፍትዌር የፍሬሙን ቦታ ያስተካክላል እንጂ የደበዘዘውን አያጠራም። ኦፕቲካል የሚባለው፣ ማለትም ሌንሱን ወይም ምስሉን የሚቀበለውን ሴንሰር ራሱን የሚያንቀሳቅሰው፣ የእጅሽን ንቅናቄ ያለዝባል። የጨፋሪን ትከሻ ግን እሱም አያቆምም። መፍትሔው መብራት ነው። ሙሽሮቹን ወደ ብርሃን አስጠጊ። ሹተሩን በእጅ ማስተካከል ከቻልሽ 1/100 ሰከንድ ላይ አድርጊው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ የመብራቱን ብልጭ ድርግም ማለትም ቪዲዮው ላይ ይቀንስልሻል።

ከባሕር ዳር፦ «ስልክ ልገዛ ነው። ኦፕቲካል ወይስ ኤሌክትሮኒክ?»

ኤሌክትሮኒክ ያልከው በሶፍትዌር የሚሠራው ነው። ኪስህ ከፈቀደ ሁለቱም ያለው። ኖኪያ ሉሚያ 920 የተባለው ስልክ ኦፕቲካሉን ይዞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በ2017 ጎግል ፒክስል 2 ሁለቱን ለቪዲዮ አጣመረ። ሻጩ «ስታቢላይዜሽን አለው» ቢልህ የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቅ እንዳትከፍል።

ከደጀን፦ «የዓባይ በረሃን ከመኪና ስቀርጽ ምስሉ እንደ ውሃ ይዋልላል።»

ሴንሰሩ ምስሉን በአንዴ ሳይሆን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ነው። የሞተሩ ንዝረት መስመሮቹን ያዛባቸዋል። ስልኩን መስኮቱ ላይ አታስደግፈው፤ በእጅህ ያዘው፣ ክንድህ ንዝረቱን ይውጠዋል።

ስልኩን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ስናደርገውስ ላላችሁ፦ ስታቢላይዜሽኑን ዝጉት። ካሜራውን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ ስታቢላይዜሽኑ ይይዘውና ድንገት ይዘላል።

ከጢስ ዓባይ፦ «የቀረጽኩትን በኋላ በኮምፒውተር ማርጋት ይቻላል?»

ይቻላል። ጎፕሮ የተባሉት ትንንሽ ካሜራዎችና አንዳንድ የሶኒ ካሜራዎች የጋይሮስኮፕ መረጃውን ከቪዲዮው ጋር ያስቀምጣሉ። ጋይሮፍሎው የተባለው ነጻ ፕሮግራም በዚያ መረጃ ያረጋልሃል። ስትቀርጽ ግን የካሜራውን ኤሌክትሮኒክ ስታቢላይዜሽን ዝጋ፤ አለዚያ ምስሉ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል።