የኤሮሶል ኬሚስትሪ ቡድን ውስጥ ማን ምን ይሠራል?

ወንድሜ፣ «የተማርኩት ፊዚክስ ነው፤ የከባቢ አየር ኤሮሶል (አየር ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ብናኝ) የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ቡድን ይቀበለኛል ወይስ ኬሚስት ብቻ ነው የሚፈልጉት?» ላልከው፣ ግድ የለህም፣ አመልክት። እዚያ ኬሚስቱም፣ ፊዚሲስቱም፣ ኢንጂነሩም ተቀላቅለው ነው የሚሠሩት።

ቦልደር ያለውን የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውሰድ። የሆሴ ሉዊስ ሂሜኔዝ ቡድን የሚታወቀው በኤሮሶል ማስ ስፔክትሮሜትር ነው፤ ብናኝ ከምን እንደተሠራ የሚለይ መሣሪያ ነው። ማሽኑ አየር ላይ የሚንሳፈፉትን ብናኞች ወደ ቫኪዩም (አየሩ ተመጥጦ ወደወጣበት ክፍል) ይስብና 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የጋለ ብረት ላይ ያሳርፋቸዋል። ወዲያው ይተናሉ። ትነቱን በኤሌክትሮን መትቶ ሰልፌቱን፣ ናይትሬቱን፣ ኦርጋኒኩን ይለያል። ከ2016 እስከ 2018 በናሳ ዲሲ-8 አውሮፕላን ጭነውት ፓስፊክና አትላንቲክ ላይ በረዋል።

ታዲያ ቫኪዩሙን የሚፈጥረው ፓምፕ ሲያስቸግር ማን ይደርስለታል? ብዙ ጊዜ የፒኤችዲ ተማሪው። ፖስትዶኩ (ፒኤችዲውን ጨርሶ በጊዜያዊነት የሚመራመረው) ዳታ ያጣራል፣ ጀማሪ ያሠለጥናል። ፕሮፌሰሩ ገንዘብ ያፈላልጋል፣ ረቂቅህን በቀይ ያጨማልቃል (ይሄ የትም ያው ነው)። ቫኪዩም ደግሞ ለፊዚክስ ሰው ቤቱ ነው፤ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪው እዚያው ይደረስበታል።

ኢሜይል ስትልክ ግን ከቡድኑ ጽሑፎች አንዱን አንብብና የትኛው ግራፍ እንደሳበህ ጥቀስ። «ለምርምር ፍቅር አለኝ» ብቻ ካልክ መልስ አትጠብቅ።