ራሱን የማይሸሽግ ጸሐፊ፦ ዘንድሮ ስላነበብኳቸው ልብ ወለዶችና ግለ ታሪኮች

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ለዓመታት አቋርጬ ወደ ንባብ ልመለስ ነው። በቅርቡ ካነበባችሁት ልብ ወለድና ግለ ታሪክ የቱን ልያዝ? ‹አሪፍ ነው› ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ፤ ያልጣማችሁንም ንገሩኝ» ነው ያልሽው። እኔ ዘንድሮ ሆን ብዬ አንድ ልብ ወለድ፣ አንድ ግለ ታሪክ እያፈራረቅኩ ሳነብ ስለነበር ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከመጻሕፍቱ በፊት አንድ ነገር ልበል። ድሮ መጽሐፍ የምመዝነው በታሪኩ ነበር። ልቤን ካንጠለጠለው ጥሩ ነው፤ ከደበረኝ መጥፎ ነው። አሁን የማየው ሌላ ነው። ጸሐፊው ራሱን ይሸሽጋል ወይስ ያጋልጣል? ግለ ታሪክ ከሆነ፣ በገዛ ታሪኩ ውስጥ እሱ ራሱ ጥፋተኛ የሆነበት ገጽ አለ ወይ? ልብ ወለድ ከሆነ፣ የሚወደው ገጸ ባሕርይ ሲበድል ዝም ብሎ ያየዋል ወይ? ይህን ይዤ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ፣ ሰው ሁሉ የሚያወድሳቸው አንዳንድ መጻሕፍት ቀለሉብኝ። ያልጠበቅኳቸው ደግሞ ከበዱኝ።

ከናይጄሪያ ልትገነጠል ስለሞከረችው ስለ ቢያፍራ ጦርነት ሁለት መጽሐፍ አከታትዬ አነበብኩ። አንደኛው የቺማማንዳ ንጎዚ አዲቺ ልብ ወለድ «ሃፍ ኦቭ ኤ የሎው ሰን» ነው፤ የቢጫ ፀሐይ ግማሽ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከቢያፍራ ባንዲራ ነው። ሁለተኛው የቺኑዋ አቼቤ ግለ ታሪክ «ዜር ዋዝ ኤ ካንትሪ» ነው፤ አንድ አገር ነበር እንደማለት። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1970 ነበር። አቼቤ እዚያው ውስጥ ነበር። ለቢያፍራ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ አገር ላገር ዞሯል። አዲቺ ግን የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ጦርነቱ ካበቃ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር።

እኔ የጠበቅኩት የነበረው ሰው የበለጠ ይነግረኛል ብዬ ነው። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው።

የአቼቤ መጽሐፍ የመጀመሪያው ክፍል ግሩም ነው። ልጅነቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የአባቱን ቤት ሲተርክ እዚያው የተቀመጥሽ ይመስልሻል። ጦርነቱ ውስጥ ሲገባ ግን ድምፁ ይለወጣል። የታሪክ ዘገባ ይሆናል። ሌሎች ከጻፉት እየጠቀሰ፣ ማን ምን እንዳለ፣ የትኛው መንግሥት ምን እንዳደረገ ይዘረዝራል። እሱ ራሱ ማታ ማታ ምን ይሰማው እንደነበር፣ በተሰጠው ሥራ የተጠራጠረበት ቀን ይኖር እንደሆነ ፈልጌ አጣሁ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ልቤ ተነካ። ጓደኛው ገጣሚው ክሪስቶፈር ኦኪግቦ ጦር ሜዳ መሞቱን መኪና እየነዳ ሳለ በሬዲዮ ይሰማል፤ መኪናውን ዳር ያቆማል። ቤት ገብቶ መርዶውን ሲናገር፣ ትንሹ ልጁ «እንዳይሞት አድርገው» እያለ ለአባቱ ይጮሃል። ያቺን ገጽ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ቆየሁ። መጽሐፉ በሙሉ እንደዚያች ገጽ ቢሆን ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። አቼቤ ያረፈው በዓመቱ ነው። እንደዚያ ባለ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ለሕዝቡ ምስክርነት ትቶ ማለፍ ቢፈልግ አልፈርድበትም። እንደ ታሪክ ሰነድ ዋጋ አለው። እንደ ግለ ታሪክ ግን ሰውየውን አላገኘሁትም።

አዲቺ ደግሞ ኡግዉን ሰጠችኝ። ኡግዉ ከገጠር መጥቶ በአንድ መምህር ቤት የሚያገለግል ልጅ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት የተረፈ የዶሮ ሥጋ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይተኛል። ገና በዚያች ገጽ ወደድኩት። ማንበብ ይማራል፣ ምግብ ማብሰል ይችልበታል፣ ቤተሰቡን ይወዳል። ከዚያ በግድ ተይዞ ለጦር ይዳረጋል። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በአንዲት ምስኪን ሴት ላይ ይቅር የማይባል ነገር ያደርጋል። ደራሲዋ ፊቷን አላዞረችም። «ሌሎቹ አስገድደውት ነው» ብላ ልታመልጥ ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። እኔ በበኩሌ ለሁለት ቀን መጽሐፉን መልሼ ማንሳት አቃተኝ። ተናድጄ ነበር። ከዚያ ግን ገባኝ። ጦርነት ጥሩ ልጅን ምን እንደሚያደርገው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ገጽ የትም አላነበብኩም። የአቼቤ መጽሐፍ ውስጥ ያጣሁት ይህ ነው።

ያልወደድኩት? ታሪኩ ከስልሳዎቹ መጀመሪያ ወደ መጨረሻ፣ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ይመላለሳል። መሀል ላይ አንዲት ሕፃን የማን ልጅ እንደሆነች ግራ ገብቶኝ ወደ ኋላ ተመልሻለሁ። ለንባብ ገና ከሆንሽ ያ ሊያደክምሽ ይችላል። ሁለቱ መንትያ እህትማማቾች፣ ኦላናና ካይኔኔ ግን አብረውሽ ይከርማሉ።

ቀጥሎ የጆአን ዲዲየን «ዘ ይር ኦቭ ማጂካል ቲንኪንግ»ን አነበብኩ። አልዋሽሽም፣ ዘንድሮ ካነበብኩት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። ስለ ሐዘን ነው። ዲሴምበር 30 ቀን 2003 ማታ ባሏ ጆን ግሪጎሪ ደን እራት ሊበሉ በተቀመጡበት ሕይወቱ አለፈ። አንዲት ልጃቸው በዚያው ሰሞን ራሷን ሳታውቅ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ዲዲየን ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት ትጽፋለች።

የሷ ሐቀኝነት ከሌሎቹ ይለያል። ስለ ራሷ የምትነግረን ክፋት ሳይሆን ሞኝነት የሚመስል ነገር ነው። የባሏን ልብስ ለሰው ለመስጠት ትነሣለች፤ ጫማው ላይ ስትደርስ እጇ ይቆማል። ለምን? ሲመለስ ጫማ ያስፈልገዋላ! አስከሬኑ እንዲመረመር የተስማማችውም፣ ሐኪሞቹ ምክንያቱን ካወቁ ሊያስተካክሉት ይችላሉ ብላ ውስጥ ውስጡን ስላመነች ነው። አስተዋይ፣ የተማረች፣ ዕድሜ ልኳን በመጻፍ የኖረች ሴት ናት። ግን አልደበቀችውም።

እኔ አባቴን ካጣሁ በኋላ ስልክ ቁጥሩን ማጥፋት አልቻልኩም ነበር። ብሰርዘው የሚደውልበትን መንገድ የዘጋሁበት ይመስለኝ ነበር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያችን የጫማ ገጽ ሳነብ ብቻዬን እንዳልነበርኩ አወቅኩ። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ላይ ፍርዴ ገለልተኛ ነው አልልሽም። ድክመት ካልሽኝ፣ ብዙ የሕክምና ቃልና የሆስፒታል ዝርዝር አለበት፤ የምታነሣቸው ሰዎችና ቦታዎችም የባለሀብትና የዝነኛ ዓለም ናቸው። አንዳንዱን አንባቢ ያርቃል። ሐዘንሽ ገና ትኩስ ከሆነ ደግሞ ቆይተሽ አንብቢው።

የታራ ዌስትኦቨር «ኤዱኬትድ» ብዙ ሰው የሚያወራለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው የወጣው። አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ ተራራ ሥር፣ መንግሥትንም ሐኪምንም ትምህርት ቤትንም በማያምን አባት ቤት ያደገች ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጠችው በ17 ዓመቷ ነው። ኋላ ካምብሪጅ ድረስ ሄዳ ዶክትሬቷን ሠርታለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ «ሆሎኮስት» የሚለውን ቃል ትርጉም ጠይቃ ክፍሉ ሁሉ ጸጥ ያለበት ቦታ አለ። ስለ እሷ ሆኖ አፈርኩ።

ከሁሉ የወደድኩላት የግርጌ ማስታወሻዎቿን ነው። ወንድሟ እግሩ የተቃጠለበትን ቀን ከተረከች በኋላ፣ ሌሎቹ የቤተሰቡ አባላት ያንን ቀን በሌላ መንገድ እንደሚያስታውሱት ግርጌ ላይ ትጽፋለች። «እኔ ያልኩት ብቻ እውነት ነው» አላለችም። ግለ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይህን ቢያደርግ እንዴት ደስ ይለኛል! ወላጆቿ በታሪኩ አልተስማሙም፤ እናቷም እ.ኤ.አ. በ2020 የራሳቸውን መጽሐፍ አሳትመዋል። ያልተመቸኝ የአደጋው ድግግሞሽ ነው። በአባቷ የአሮጌ ብረታ ብረት ግቢ አንዱ ይቆስላል፣ ሌላው ይወድቃል፣ ሌላው ይቃጠላል። መሀል ላይ ደነዘዝኩ። አራተኛው አደጋ ላይ እንደ መጀመሪያው አላዘንኩም፤ ያ ደግሞ ልክ አይደለም።

የኮሜዲያኑ የትሬቨር ኖዋ «ቦርን ኤ ክራይም» ፈጥኖ የሚያልቅ ነው። በደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን የጥቁርና የነጭ የፆታ ግንኙነት በሕግ ወንጀል ነበር፤ እሱ ደግሞ የተወለደው ከጥቁር እናትና ከነጭ አባት ነው፤ ርዕሱም ያ ነው። ቀልዱ ያስቃል፤ ግን መጽሐፉ የእናቱ ነው። የእንጀራ አባቱ እናቱን የተኮሰበትን የመጨረሻውን ምዕራፍ ስትደርሺ ሳቁ ሁሉ ምን ይሸፍን እንደነበር ይገባሻል።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቶ በዓመቱ ለቡከር ሽልማት የመጨረሻው ዙር ደርሷል። የጣሊያንን ወረራ በሴት አርበኞች ዓይን ያሳያል። ለእኔ ትልቁ ድፍረቷ ኪዳኔ ነው። ኪዳኔ የጦር መሪ ነው፤ አገሩን የሚወድ፣ ወታደሮቹ የሚሞቱለት ሰው። ያው ሰው ግን በቤቱ የምታገለግለውን ሂሩትን ይደፍራል። አርበኛም ነው፣ በዳይም ነው። ስለ አርበኞቻችን እንዲህ አድርጎ መጻፍ ቀላል አይደለም፤ አከበርኳት። ያም ሆኖ ንባቡ ከብዶኛል። ዓረፍተ ነገሮቹ ግጥም ግጥም ይላሉ። ንግግሩ ትእምርተ ጥቅስ የለውም፤ ማን እንደተናገረ መለየት ያስቸግራል። ፎቶግራፎቹን የምትገልጽባቸው አጫጭር ክፍሎች ግን ተነጥለው ቢታተሙም የሚነበቡ ናቸው።

የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ የተመለሰ ግለ ታሪክ ነው። ስለ ኢሕአፓ ዘመን ብዙዎች ጽፈዋል። አብዛኛው ማን እንደከዳ፣ ማን እንደተሳሳተ ለማስረዳት የተጻፈ ይመስለኛል። ሕይወት ግን በፍቅርና በትግል ያመነችውን ወጣት እንደነበረች ታሳየናለች። የምትወደው ጌታቸው ማሩ በገዛ ድርጅቱ ተገደለ። እሷ ስምንት ዓመት ታሰረች። ዛሬ ያወቀችውን ያኔ እንደምታውቅ አድርጋ አልጻፈችም። የስብሰባውና የድርጅቱ ስም ብዛት መጀመሪያ ላይ ያደክማል፤ ታገሺው።

መጨረሻ ያነበብኩት፣ ማለትም ደግሜ ያነበብኩት፣ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ነው። ወጣት ሳለሁ ያነበብኩት ለጸጋዬና ለፊያሜታ ፍቅር ነበር። አሁን ሳነበው ጸጋዬ ደርግ በኤርትራ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ሰው መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ያህል ሆንኩ። የማያምንበትን ነገር ለሕዝብ ያሰማል፤ ያንንም ያውቃል። አዲስ አበባ የምትጠብቀው እጮኛ እያለችው ልቡ አስመራ ላይ ይቀራል። በዓሉ ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ ዘመቻውን በቅርብ አይቶታል። ጸጋዬን ሲያጋልጥ ራሱን ማጋለጡ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ወዲያው ታገደ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው። እኔ ግን ከየትኛውም ግለ ታሪክ በላይ ሰው ራሱን የሰጠበት መጽሐፍ አድርጌ ነው የማየው። የቀረብኝ ፊያሜታ ናት። ውበቷን ደጋግመን እንሰማለን፤ የውስጧን ግን በጸጋዬ ዓይን በኩል ብቻ ነው የምናገኘው። እሷ ራሷ ብትናገር ብዬ ተመኘሁ።

እንግዲህ የቱን ልያዝ ላልሽው፣ ንባብ ከተውሽ ከቆየሽ በ«ኦሮማይ» ጀምሪ። ቋንቋው የራስሽ ነው፣ ይፈሳል፣ ከእጅሽ አይወርድም። ድሮ አንብበሽው ከሆነም ድገሚው። ቀጥሎ የትሬቨር ኖዋን። አዲቺን ጊዜ ሲኖርሽ፣ ዘና ብለሽ። «ዘ ሻዶው ኪንግ»ን አሁን አትንኪው፤ ከሦስት አራት መጽሐፍ በኋላ ይሻላል። የዲዲየንን መቼ እንደምታነቢው አንቺ ነሽ የምታውቂው። ኡግዉ ጋ ስትደርሺ እንደ እኔ ተናደሽ መጽሐፉን ካስቀመጥሽው ደግሞ እዚህ ጻፊልኝ፤ ስለሱ የማወራው ሰው እስካሁን አላገኘሁም።