የማስተርስ ዲፌንስ ገለጻ፦ ጥያቄና መልስ

ዲፌንሳቸው፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፈታኞች ፊት አቅርበው የሚከላከሉበት ቀን፣ የደረሰ ብዙ ተማሪዎች አሉ። ስለ ገለጻው ያልገባችሁን ጠይቁ፤ በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የተሰጠኝ 15 ደቂቃ ነው፤ ስላይዴ ግን 42 ደርሷል። እህታችሁን ምከሩኝ፣ የቱን ልቀንስ?

እህቴ፣ ከ12 እስከ 14 ስላይድ ይበቃሻል። ፈታኞቹ ጽሑፍሽን አንብበው ነው የሚመጡት። ከአንደበትሽ መስማት የሚፈልጉት ምን እንዳገኘሽና እንዴት እንዳገኘሽው ነው። ስለዚህ ለችግሩና ለዓላማው 2 ደቂቃ፣ ለዘዴው 3፣ ለግኝቱ 7፣ ለመደምደሚያና ለምክረ ሐሳቡ 2 ስጪ። የቀረችው አንድ ደቂቃ መጠባበቂያ ናት።

አብዛኛው ተማሪ የሚበላሽበት የጽሑፉን ምዕራፎች በቅደም ተከተል ስለሚያቀርብ ነው። ዳራ፣ የቃላት ትርጓሜ፣ ወሰን፣ ሊትሬቸር ሪቪው (የቀደሙ ጥናቶች ቅኝት) እያለ 10 ደቂቃ ይበላና ገና ግኝቱን ሲጀምር ሰብሳቢው "ሁለት ደቂቃ ቀርቶሃል" ይለዋል። ምዕራፍ ሁለትን፣ ማለትም ሊትሬቸር ሪቪውን፣ ሙሉ በሙሉ አውጪው። የምትቀንሻቸውን ስላይዶች ግን አታጥፊ፤ ከመጨረሻው ስላይድ በኋላ አስቀምጫቸውና ቁጥራቸውን በወረቀት ያዢ። ስትጠየቂ፣ ለምሳሌ 19 ጽፈሽ ኢንተር ብትጫኚ ፓወርፖይንት በቀጥታ 19ኛው ላይ ያደርስሻል።

ጥያቄ፦ ከኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ያወጣሁትን የሪግሬሽን (የተለዋዋጮችን ግንኙነት የሚለካ ትንተና) ሠንጠረዥ እንዳለ ለጠፍኩት። አማካሪዬ "አይነበብም" አሉኝ።

ልክ ናቸው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ከ20 ነጥብ በታች የሆነ ፊደል ለማንበብ ይቸገራል። ሠንጠረዡን እንደ ፎቶ አትለጥፈው፤ እንደገና ሥራው። የተለዋዋጩ ስም፣ ኮኤፊሸንቱ (የግንኙነቱን መጠንና አቅጣጫ የሚያሳየው ቁጥር) እና የፒ ዋጋው (ግንኙነት ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉ) ብቻ ይቅሩ፤ ሌሎቹ ዓምዶች ጽሑፉ ውስጥ አሉ። ጉልህ የሆኑትን፣ ማለትም የፒ ዋጋቸው አነስተኛ የሆነውን፣ አድምቃቸው፣ ጉልህ ያልሆኑትንም አትደብቅ፤ ፈታኙ መጀመሪያ የሚፈልገው እነሱን ነው።

ርዕሱ "ሠንጠረዥ 4.7" አይሁን። "የሥልጠና ማነስ ሥራ ከመልቀቅ ጋር ጉልህ ግንኙነት አለው" ብለህ ግኝቱን ራሱን ጻፈው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኤስፒኤስኤስ .000 ብሎ የሚያወጣውን የፒ ዋጋ እንዳለ አትገልብጠው። ዋጋው ዜሮ ሆኖ ሳይሆን በሦስት አኃዝ ተጠጋግቶ ነው። "ከ0.001 በታች" ብለህ አስተካክለው።

ጥያቄ፦ ጽሑፌ በአማርኛ ነው። ስላይዱን የዲፓርትመንቱ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ፊደሉ ተበላሸ።

እንዴት ነው የተበላሸው? ባዶ አራት ማዕዘን ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ፎንቱ የለም ማለት ነው። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ዊንዶውስ 10 ላይ ለብቻው ሳይጫን ሊጠፋ ይችላል፤ ኤብሪማ ግን ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ስለሚመጣ በእሱ ቀይረው። ወይም ከፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ገብተህ "ኢምቤድ ፎንትስ" የሚለውን (ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ የሚያካትተውን) ምረጥና አስቀምጠው። የማይገናኙ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከሆኑ ግን የተጻፈው ዩኒኮድ (ፊደላትን በሁሉም ኮምፒውተር ላይ በአንድ ዓይነት የሚወክል ሥርዓት) ባልሆነ የድሮ ፎንት ነው፤ ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየረ ወይም እንደገና ካልተተየበ አይድንም። በሁለቱም መንገድ የፒዲኤፍ ቅጂ ፍላሽህ ላይ ይኑር።

ጥያቄ፦ መብራት ቢሄድስ?

ላፕቶፕህ ቻርጅ ቢኖረውም ፕሮጀክተሩ ይጠፋል። ስላይዱን በአንድ ገጽ ሁለት ሁለት አድርገህ ለፈታኞቹ፣ ለሰብሳቢው፣ ለአማካሪህና ለራስህ አትመህ ያዝ። መብራት ሲሄድ አድለህ ካቆምክበት ቀጥል።

ጥያቄ፦ ሰው ፊት ስቆም እጄ ይንቀጠቀጣል። ሁሉንም ልሸምድደው?

አይሆንም። የሸመደደ ሰው አንዲት ቃል ስትጠፋበት የሚቀጥለው ሁሉ አብሮ ይጠፋበታል። በቃልሽ የምትይዢው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነው፤ ድምፅሽ እስኪረጋ ያሻግሩሻል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ስላይድ አንድ መነሻ ቃል ይበቃል። ኤ4 ወረቀት አትያዢ፣ ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታያል። የሌዘር ነጥብም እንዲሁ ስለሚያሳጣሽ በእጅሽ አመልክቺ። ቤት ቆመሽ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ፣ ሰዓት ይዘሽ ቢያንስ 3 ጊዜ ተለማመጂ። በልብ ማንበብ ከመናገር ስለሚፈጥን ሰዓቱን አያሳይሽም።

ጥያቄ፦ ፈታኙ የማልመልሰውን ቢጠይቀኝስ?

መጀመሪያ ጻፈው። ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ጥያቄ አከታትለው ስለሚጠይቁ ያልጻፈ ሰው አንዱን ይረሳል። ከዚያ ምን ዓይነት እንደሆነ ለይ። ማስተካከያ ከሆነ "ተቀብያለሁ፣ አርመዋለሁ" በል፤ መከራከር ጊዜ ይፈጃል። የጥናቱ ውስንነት ከሆነ አምነህ ምክንያቱን ተናገር። ማብራሪያ ከሆነ በቁጥር መልስ። ለምሳሌ "ናሙናህ ለምን 180 ሆነ?" ከተባልክ፦ "ጠቅላላ ሠራተኛው 327 ነው፤ የናሙና መጠን በሚሰላበት በያማኔ ቀመር፣ በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ፣ 327 ለ1.8175 ሲካፈል 180 ይመጣል።" እዚያው አቁም። "በቂ ስለመሰለኝ" ካልክ ግን ሌሎች አምስት ጥያቄዎች ይከተሉሃል። የማታውቀውን "በዚህ ጥናት አላየሁትም" ማለት ነውር የለውም፤ የሚጎዳህ ፈጥረህ መመለስ ነው።

ጥያቄ፦ ዲፌንሴ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ስንት ሰዓት ልድረስ?

2 ከሩብ። አዳዲስ ላፕቶፖች ብዙውን ጊዜ የምስል መሰኪያቸው ኤችዲኤምአይ ወይም ዩኤስቢ-ሲ ብቻ ነው፣ የአዳራሹ ፕሮጀክተር ደግሞ ቪጂኤ (የድሮው መሰኪያ) ሊሆን ስለሚችል መቀየሪያውን ይዘህ ሂድ። ምስሉ ካልወጣ የዊንዶውስን ቁልፍ ከፒ ጋር ተጫንና "ዱፕሊኬት" ምረጥ። ከዚያ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሄደህ ተቀመጥና ሠንጠረዥህን ከዚያ ሆነህ አንብበው።