ሽማግሌ ሲመላለስም ይርጋው ይቆጠራል

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ጣና ዳር በሚገኝ አንድ ሆቴል ለ6 ዓመት በእንግዳ ተቀባይነት ሠርቻለሁ። የጽሑፍ ውል የለኝም። ከ2 ወር ከ10 ቀን በፊት ሥራ አስኪያጁ «ከነገ ጀምሮ አትምጪ» ብለው ያለ ደብዳቤ አሰናበቱኝ። ባለቤቴ የሆቴሉ ባለቤት ዘመድ ነው፤ የተባረርኩትም ፍቺ በመጠየቄ ይመስለኛል። ሽማግሎቹ «ትዳሩ ሲታረቅ ሥራውም ይመለሳል፣ ታገሺ» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ ሽምብጥ ሰፈር የሠራነው ቤት በስሙ ስለሆነና ወጪውም ከአባቱ ከወረሰው የዘጌ ቡና ስለተሸፈነ ድርሻ የለሽም ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱን ጉዳዮች ዛሬውኑ ይለያዩዋቸው። ለፍቺው ጥያቄ እንዲህ የሚያጣድፍ ቀን አልተቆረጠም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ግን ወደ ሥራ ልመለስ የሚል አቤቱታ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ለመጠየቅ በሕግ የተሰጠው ጊዜ በማለፉ፣ ይታገዳል። የቀረዎት 20 ቀን ገደማ ነው። ይርጋው የሚቋረጠው የሥራ ክርክርን ለሚመለከተው አካል አቤቱታ ሲቀርብ ወይም አሠሪው መብትዎን በጽሑፍ ሲያምን ነው፤ የሽማግሌ ደጅ ጥናት ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ሽማግሎቹ በቅን ልቦና እንደሚደክሙ አልጠራጠርም፤ ቢሆንም ቀኑን የሚቆጥሩልዎት እነርሱ አይደሉም።

የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብትዎን አያሳጣዎትም፤ ሥራው በሌላ ማስረጃ ሊረጋገጥ ይችላል። በየፈረቃው የፈረሙበት መዝገብ ፎቶ፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ ዝርዝር፣ የጡረታ መዋጮ፣ አብረውዎት የሠሩ ባልደረቦች ምስክርነት ሁሉ ይጠቅማል። አዋጁ የጋብቻ ሁኔታን ለስንብት በቂ ያልሆነ ምክንያት አድርጎ በግልጽ ስለሚጠቅስ፣ የተሰናበቱት በፍቺው ሰበብ መሆኑን ካስረዱ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ እንዲመለሱ ያዝዛል፤ እርስዎ መመለሱን ካልፈለጉ በካሳ ሊለቁ ይችላሉ። በአንድ ግቢ ከባል ዘመድ ጋር መዋሉ ይከብድ ይሆናልና ይህን አስቀድመው ያስቡበት።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይዎት። የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝዎ 200 ብር ከሆነ፣ የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ማለትም 6,000 ብር ሲሆን፣ ለቀሩት 5 ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚሁ ሲሶ፣ በጠቅላላው 10,000 ብር ይታከላል። ስንብቱ ሕገ ወጥ ሆኖ ወደ ሥራ ካልተመለሱ ደግሞ የ180 ቀን ደመወዝ፣ 36,000 ብር፣ ካሳና የ2 ወር የማስጠንቀቂያ ክፍያ ይጨመርበታል። እነዚህን ክፍያዎች ለመጠየቅ የተሰጠው ጊዜ 6 ወር ነው። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ወደ ቤቱ ስንመጣ፣ በአማራ ክልል የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ሀብት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ባለቤትዎ የዘጌውን ቡና በውርስ ማግኘታቸው ቡናውን የግላቸው ሊያደርገው ይችላል፤ ከግል ሀብት በጋብቻ ዘመን የሚገኝ ገቢ ግን የጋራ ነውና በየዓመቱ ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ የገባው ገንዘብ የብቻቸው አልነበረም፣ በእርሱ የተሠራ ቤትም እንደዚሁ። በእርግጥ ይህ ለእርስዎም ደመወዝ ይሠራል፤ በትዳር ዘመን ያጠራቀሙት ገንዘብ ካለ በክፍፍሉ ይገባል። ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ ፍቺን መወሰን የፍርድ ቤት ሥልጣን ነው።

ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካጠረዎት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የሥራውን አቤቱታ ያስቀድሙ፤ ሲሄዱም የባንክ ዝርዝሩንና የምስክሮችዎን ስም ይዘው ይሂዱ።