ሴ. ኤለጋንስ ትል ስትጠቀለል ፕሮግራሙ ለምን ይጠፋበታል?

ሴ. ኤለጋንስ የምትባለው በቤተ ሙከራ የምትጠና ትንሽ ትል ስትጠመዘዝ፣ እንቅስቃሴዋን በቪዲዮ የሚከታተለው ፕሮግራም ጭንቅላትና ጅራቷን ያምታታብኛል ላልከው፣ ችግሩ ካሜራህ አይመስለኝም። አድጋም 1 ሚሊሜትር ገደማ ናት፣ እንደ አይጥ ጆሮና እግር ያለ ፕሮግራሙ ለይቶ የሚይዘው ምልክትም የላትም። ስለዚህ አብዛኛው ፕሮግራም ምስሏን ከጀርባው ለይቶ መሃል ለመሃል መስመር ያሰምርና የመስመሩን መታጠፍ ይለካል። ስትሳብ አሪፍ ነው። ኦሜጋ የሚባለውን፣ የግሪኩን ፊደል Ω የሚመስል መታጠፊያ ስትሠራ ግን ጭንቅላቷ ገላዋን ይነካና ምስሉ አንድ ድብልብል ይሆናል፣ መስመሩም አለቀለት! እነዚያን ፍሬሞች (የቪዲዮውን ነጠላ ምስሎች) ግን አታስወግዳቸው፣ አቅጣጫ የምትቀይረው እዚያ ላይ ነው። ከፊትና ከኋላ ካሉት ንጹህ ፍሬሞች ተነስተህ ገምታቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት በተራ አሳሳቧ ላይ የሚታየውን የቅርጽ ልዩነት አራት መሠረታዊ ቅርጾች ብቻ 95 በመቶ ገደማ እንደሚገልጹት ስላሳየ፣ ግምቱ መነሻ አያጣም። ጭንቅላቷን ለመለየት ደግሞ እንቅስቃሴውን እይ፤ ከጅራቷ ይልቅ ወዲያ ወዲህ የሚለው እሱ ነው።