ልጄ ነጥቧ ለምን ወረደ?

የአንባቢያን ጥያቄና የአትሌቲክስ አምዳችን መልስ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዌልስ፣ ካርዲፍ ነው። ልጄ 18 ዓመቷ ነው፤ ሄፕታትሎን፣ ማለትም በሁለት ቀን ተካሂዶ ነጥቡ የሚደመረውን የሴቶች ሰባት ውድድር ትወዳደራለች። አምና ከ18 ዓመት በታች ጥሩ ነጥብ ነበራት። ዘንድሮ ከ20 ዓመት በታች ገብታ 300 ነጥብ ያህል ወረደች። አሰልጣኟ «የሚጠበቅ ነው» ይላል። እውነቱን ነው ወይስ እያጽናናን?
እናት፣ ከካርዲፍ

መልስ፦ እውነቱን ነው። አምና የወረወረችው አሎሎ 3 ኪሎ፣ ጦሯ 500 ግራም ነበር። አሁን አሎሎው 4 ኪሎ፣ ጦሩ 600 ግራም ሆኗል። የነጥብ ሰንጠረዡ ግን ለክብደት ደንታ የለውም፤ የሚቆጥረው ሜትር ብቻ ነው። አምና በ3 ኪሎው 13 ሜትር ወርውራ ከነበረ 727 ነጥብ አግኝታለች። በዚያው ጉልበት ዘንድሮ በ4 ኪሎው 11 ሜትር ብትወረውር 595 ይሆናል። ጦሩ ከ40 ወደ 36 ሜትር ቢወርድ ነጥቡ ከ667 ወደ 591 ይወርዳል። የ100 ሜትር ሩጫው መሰናክልም ከ76.2 ወደ 83.8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏልና ከ14.50 ወደ 15.00 ሰከንድ ብትዘገይ 67 ነጥብ ይሄዳል። ይደምሩት፦ 275። ልጅቷ አንዲት ጣት ሳትደክም ማለት ነው።

ስለዚህ የሁለቱን ዓመት ድምር ጎን ለጎን አያስቀምጡ። ማወዳደር ከፈለጉ ምንም ያልተለወጠባቸውን አራቱን ብቻ ይደምሩ፦ ከፍታ ዝላይ፣ 200 ሜትር፣ ርዝመት ዝላይና 800 ሜትር። እነዚህ ከወረዱ ያኔ አሰልጣኙን ይጠይቁ።

በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚበላሸው መሰናክሉ ነው። ቁመቱ ይጨምር እንጂ ርቀቱ ያው ነው፦ እስከ መጀመሪያው 13 ሜትር፣ ከዚያ በየ8.5 ሜትሩ፣ በጠቅላላው 10 መሰናክል። ልጅቷ ከፍታውን ስትፈራ በጣም ተጠግታ ትነሳለች፤ ተጠግታ ስለተነሳች ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ላይ ትዘላለች፤ ከላይ ስትወርድም እግሯ ከብዶ ያርፍና ፍጥነቷን ይበላዋል። በሦስት እርምጃ ቀጣዩ ላይ መድረስ ያቅታትና ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ላይ አራት እርምጃ ትረግጣለች። በአራት እርምጃ ደግሞ የሚነሳው እግር ይቀየራል፤ ሩጫው ያለቀው እዚያ ጋ ነው። መድኃኒቱ መሰናክሉን ዝቅ ማድረግ ሳይሆን ርቀቱን ማጥበብ ነው። 83.8ቱን አቁመው በ8 ሜትር ልዩነት አራት ወይም አምስት መሰናክል ብቻ ትሩጥ። ከመሰናክሉ 2 ሜትር ያህል ሲቀራት ተነስታ፣ ካለፈችው በኋላ 1 ሜትር ገደማ ላይ ማረፍ ስትለምድ በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ ልዩነቱን በ10 ሴንቲ ሜትር እያሰፉ ወደ 8.5 ይመልሱት። የካርዲፍ ንፋስ ከፊት ሲመጣ እርምጃ ያሳጥራልና ይህን በክረምት ጣሪያ ሥር መጀመር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ኒውፖርት የምኖር የ16 ዓመት ልጅ ነኝ። በሄፕታትሎን ሁለተኛ ቀን ጠዋት ርዝመት ዝላይ ላይ ሦስቱንም ሙከራ የመነሻ ሰሌዳውን ረግጬ አልፌ ዜሮ አገኘሁ። ውድድሩን አቋርጬ ብወጣ ይሻል ነበር?

መልስ፦ አይሻልም። ዜሮ ያገኘ ይቀጥላል፤ አንዱን ውድድር ጭራሽ ያልጀመረ ግን ከደረጃው ይሰረዛል። ላንቺ የሚያስፈልግሽ ሂሳብ ይህ ነው፦ 5.50 ሜትር 700 ነጥብ፣ 5.20 ሜትር 614 ነጥብ ነው። ከሰሌዳው 30 ሴንቲ ሜትር ቀድመሽ ብትነሺ የምታጪው 86 ነው፤ ሦስቴ ካለፍሽው ግን 700ውን በሙሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዝላይ ለክብር አይደለም፤ የመነሻ ምልክትሽን 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ወስደሽ ነጥብ አስመዝግቢ፣ ከዚያ በሁለተኛውና በሦስተኛው ተጠጊ።

ያለፍሽበት ምክንያትም ይታወቃል። ሲሟሟቅ እግር ከትናንቱ 200 ሜትር እንደደነዘዘ ነው፤ እርምጃሽ አጥሮ ልክ ሰሌዳው ላይ ይገጥማል። ስምሽ ሲጠራ ደም ይሞቃል፣ እርምጃ ይረዝማል፣ እግር ያልፋል። ንፋሱ ከኋላ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። ምልክቱን በሜትር ለኪ እንጂ በጫማ አትለኪ፤ ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ በስንት እንዳለፍሽ ጠይቀሽ ያንን ያህል፣ ትንሽም ጨምረሽ፣ ወደ ኋላ አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሐበሻ ናት፤ በሄፕታትሎን 800 ሜትሩን በ2:30 (2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ) ትሮጣለች። እኛ ለሩጫ ተፈጥረናልና ሥልጠናዋ ሁሉ እዚያ ላይ ቢሆን አይሻልም?
አባት፣ ከስዋንዚ

መልስ፦ አይሻልም፣ አባት። 2:30 693 ነጥብ ነው፤ 2:20 ብትገባ 824። አሥር ሰከንድ ማውረድ 131 ነጥብ ሰጣት፤ ጥሩ ነው። ግን ያንኑ ያህል ነጥብ ጦር ላይ 7 ሜትር በመጨመር ታገኛለች፤ 30 ሜትር ለምትወረውር ጀማሪ ደግሞ የአወራወር ስልቷን በማስተካከል ብቻ የሚመጣ ነው። ከፍታ ዝላይም እንዲሁ፦ ከ1.60 ወደ 1.63 ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ብትጨምር 35 ነጥብ ነው። ከሰባቱ ስድስቱ ፍጥነትና ፍንዳታ ያለው ጉልበት ይፈልጋሉ፤ ረጅም ርቀት እየሮጠች ከዋለች 800ው ሲያምርላት መሰናክሉ፣ 200ውና ዝላዮቹ ይቀዘቅዛሉ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ 3 ጊዜ 300 ሜትር በ5 ደቂቃ ዕረፍት፣ ለጊዜው ይበቃታል።

ጥያቄ፦ የዌልስ ልጅ የሚለብሰው የዌልስን ነው የብሪታንያን ማሊያ?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሁለቱንም። በኦሎምፒክ፣ በዓለምና በአውሮፓ ሻምፒዮና የታላቋ ብሪታንያን፤ በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች የዌልስን። በ1966 እ.ኤ.አ. ኪንግስተን ላይ በዴካትሎን (በወንዶች አሥር ውድድር) ብር ያገኘው ክላይቭ ሎንጅ የዌልስን ማሊያ ለብሶ ነበር፤ በ2014 ግላስጎው እና በ2018 ጎልድ ኮስት የተወዳደረው ቤን ግሪጎሪም እንዲሁ።